ከአጭር ሜዳ የምትነሣው አይሮፕላን

ከሚሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ስለ አየር ግፊት አስተምሬ ስጨርስ፥ ከኋላ ወንበር ከሚቀመጡት ልጆች አንዱ እጁን አነሣና፥ «መምህር፥ ከሚሴ ላይ አይሮፕላን ማረፍ ይችላል?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ልጁ ግን አልሳቀም። አገሩ ደዌ ሐረዋ ቆላ ነው። እናቱ ምጥ ጠንቶባት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመዋት መኪና መንገድ እስኪደርሱ ድረስ ሌሊቱ ነግቶ እንደ ነበር በኋላ ነገረኝ። እግዚአብሔር ይመስገን እናቲቱም ሕፃኑም ድነዋል፤ ልጁ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ መንገድ በሌለበት አገር በሽተኛ ማን ሊያነሣ እንደሚችል ሲያስብ ኖሯል።

በዚያን ቀን፥ «አይሮፕላን ለማረፍ ብዙ ኪሎ ሜትር አስፋልት ይፈልጋል፤ ኮምቦልቻ አለልህ አይደለም ወይ?» ብዬ አለፍኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ለልጁ የሰጠሁት መልስ የሰነፍ መልስ እንደ ነበር ታወቀኝ። ኮምቦልቻ ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለደዌ ቆላ ሰው ደግሞ ሩቁ ነገር ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው አስፋልት ሳይሆን ከደጁ እስከ አስፋልቱ ያለው ገደልና ወንዝ ነው። ስለዚህ መጻሕፍት አገላብጬ፥ ሽማግሎችን ጠይቄ፥ ከተማሪዎቼ ጋር ገመድ ይዤ ሜዳ ለክቼ ያገኘሁትን አሁን ለአንባቢ አቀርባለሁ።

የአብራሪዎች ምክር የወለዳት

አይሮፕላን ሁሉ አንድ አይደለም። የቦሌ ዋናው መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ርዝመት አለው፤ ባሕር ተሻግረው የሚሄዱት ትልልቅ ጄቶች ይህን ያህል መሬት ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ለሣር ሜዳ፥ ለወንዝ ዳር አሸዋ፥ ለበረዶና ለተራራ ወገብ ተብለው የተሠሩ ሌሎች አይሮፕላኖች አሉ። የእነዚህ እናት ናት ለማለት የምትበቃው በካናዳ አገር የተሠራችው ቢቨር ናት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካናዳው ዴ ሃቪላንድ ኩባንያ አዲስ አይሮፕላን ሊሠራ ሲነሣ፥ በሰሜን ካናዳ ጫካና ሐይቅ ላይ የሚበሩትን አብራሪዎች፥ «ምን ዓይነት አይሮፕላን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። እነርሱም ፍጥነት አልለመኑም። ጉልበት ያለው ሞተር፥ ከአጭር ቦታ መነሣት፥ ደግሞም የነዳጅ በርሜል ተንከባልሎ የሚገባበት ሰፊ በር ይሁንልን አሉ። በ1947 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው ቢቨር በዚህ ምክር የተሠራች ናት፤ ባለ 450 የፈረስ ጉልበት አንድ ሞተር ነበራት። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስም ከ1,600 በላይ ተሠርታለች። ከእርሷ ቀጥላ በ1951 እ.ኤ.አ. ከፍ ያለችው ኦተር መጣች። በግንቦት 1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት ሞተር ያላት ትዊን ኦተር፥ ማለት መንታዋ ኦተር፥ በረረች። ቢቨርም ኦተርም በወንዝ ዳር የሚኖሩ የእንስሳት ስሞች ናቸው፤ ውኃም የብስም የማያግዳቸው ናቸውና ስሙ ለአይሮፕላኖቹ ተስማምቷል።

ትዊን ኦተር እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ከተሠራች በኋላ ሥራዋ ቆመ። የሚተካት ጠፍቶ ግን ፋብሪካው እንደ ገና ተከፍቶ አዲሶቹ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መብረር ያዙ። አንድ ዕቃ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በፈላጊ ብዛት እንደ ገና መሠራቱ በፋብሪካ ዓለም የተለመደ ነገር አይደለም።

ክንፏና ሞተሯ

የትዊን ኦተር መልክ የሚያስጎመጅ አይደለም። ክንፏ ከጣራዋ በላይ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ሲሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሜትር ያህል ነው። ጎማዎቿ እንደ ሌሎቹ ወደ ሆድ አይታጠፉም፤ እንደ ተዘረጉ ይበራሉ። ይህ ፍጥነቷን ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን የሚሰበር ማጠፊያ የለም፤ ጭቃና ጠጠርም አይፈሩም። ሁለቱ ሞተሮቿ እያንዳንዳቸው 620 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ተርባይኖች ናቸው። ሙሉ ጭነት ይዛ ክብደቷ 5,670 ኪሎ ግራም ነው። ለአጭር ጉዞ 19 ሰው ወይም 19 ኩንታል ያህል እህል ትጭናለች። ይህ ቁጥር በቀላሉ የሚያዝ ነው፦ በአንድ ሰው ቦታ አንድ ኩንታል።

ከአጭር ሜዳ የመነሣቷ ምሥጢር ክንፉ ላይ ነው። አይሮፕላን የሚነሣው በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ወደ ላይ ስለሚያነሣው እንደ ሆነ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ይህ የማንሣት ኀይል በአየሩ እፍጋት፥ በክንፉ ስፋት፥ በክንፉ ቅርጽና በፍጥነቱ ስኩዌር ይወሰናል። ጄቱ በፍጥነት ያገኘውን ትዊን ኦተር በቅርጽ ታገኘዋለች። በክንፏ ኋላ ከዳር እስከ ዳር የተሰካው መታጠፊያ ወደ ታች ሲዘረጋ ክንፉ ይጎብጣል፤ በመታጠፊያው መካከል ባለው ስንጥቅም አየር ሾልኮ ስለሚያልፍ በዝግታ ስትበር እንኳ ክንፉ አየሩን አይለቅም። ስታርፍ ደግሞ አብራሪው የውልብልቢቱን ምላስ ገልብጦ ወደ ኋላ ይገፋበታል። በዚህ ሁሉ ምክንያት በባሕር ወለል ላይ ሙሉ ጭነት ይዛ፥ ተንደርድራ 15 ሜትር ከፍታ እስክታልፍ ድረስ 366 ሜትር ያህል ብቻ ይበቃታል። ይህም ሦስት የኳስ ሜዳ ተኩል ነው።

ስለዚህ ነው በኔፓል ሂማሊያ ተራራ ላይ፥ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው፥ 527 ሜትር ብቻ በሆነው የሉክላ ሜዳ ስትሠራ የኖረችው። በስኮትላንድ ባራ ደሴት ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው አሸዋ ላይ ታርፋለች። በማልዲቭ ደሴቶች ጎማዋን በታንኳ ለውጣ ውኃ ላይ ትቀመጣለች። በሚያዝያ 2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ በደቡብ ዋልታ ጽኑ ሕመም የያዘውን አንድ ሐኪም፥ ሌላ አይሮፕላን በማይሞክረው ጨለማና ብርድ፥ በበረዶ መንሸራተቻ ላይ አርፋ ያወጣችው እርሷ ናት።

የከሚሴ ቀትር

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው፥ «እንግዲያስ ከአዲስ አበባ እጅግ ዝቅ ትላለች፤ ለአይሮፕላን ትመቻለች» አሉ። እኔም፥ «ሙቀቱንስ ረሳችሁት?» አልኳቸው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ሲሳሳም ክንፍም ሞተርም የሚይዙት ያጣሉ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ አብረን አሰላነው። በከሚሴ ቀትር ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ክንፉ በ1,400 ሜትር ላይ ሳለ 2,200 ሜትር ላይ እንደ ወጣ ሆኖ ይሰማዋል። ከተማዋ ከስፍራዋ ሳትነቃነቅ በቀትር ጊዜ 800 ሜትር ወደ ላይ ትወጣለች ማለት ነው። መንደርደሪያውም ቢያንስ ሩብ ያህል ይረዝማል፤ የሞተሩ መድከምና የሣሩ መያዝ ሲጨመርበት ከዚያም ይበልጣል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ በቆላችን የአይሮፕላን ሥራ የማለዳ ሥራ መሆኑ ነው። ይህን ነገር ልብ ይበሉት፤ ወደ ኋላ ስለ አንበጣ ስናወራ ያስፈልገናል።

በወሎ ሰማይ ላይ

አገራችን የመጀመሪያውን አይሮፕላን ያየችው በ1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ትንንሽ አይሮፕላኖች በወሎ ሰማይ ላይ ቁስለኛና መድኀኒት ይዘው ይበሩ ነበር። ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን የተባለው ስዊድናዊ ካውንት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል በፈቃዱ መጥቶ በረረ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ኮረም ላይ ቆሞ የነበረ የቀይ መስቀል አይሮፕላን በጣሊያን ቦምብ ተቃጠለ። ፎን ሮዘን ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቢሾፍቱ ላይ የኢትዮጵያን አየር ኀይል ሲያሠለጥን ብዙ ዓመት ቆየ። በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን ደግሞ ስልሳ ዓመቱን አልፎ ሳለ ሳፋሪ የምትባል ትንሽ የስዊድን አይሮፕላን ይዞ መጣ። መኪና በማይደርስበት አገር ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ፥ በክንፎቿ ሥር የተንጠለጠሉትን የእህል ከረጢቶች ለተራበው ሕዝብ ይጥል ነበር። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በጦርነቱ ሞተ። እንግዳ ሆኖ መጥቶ በአገራችን ለሞተ ሰው ማስታወስ ዕዳ ነውና ስሙን አነሣሁት።

በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ካርታ እንኳ ከእነዚህ አይሮፕላኖች ጋር ዝምድና አለው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ቡድን አገሪቱን ሲለካ፥ ቀያሾችን ከሰፈር ወደ ሰፈር ያመላልሱ ከነበሩት መካከል ከሄሊኮፕተሮች ጋር ቢቨርና ኦተር ነበሩ።

የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ሲመጣ ደግሞ ተራዋ የትዊን ኦተር ሆነ። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን የኮረምን እልቂት ለዓለም ካሳየ በኋላ የእርዳታ አይሮፕላን ከየአገሩ ጎረፈ። ትልቁ ሄርኩሊስ ብዙ እህል ይጭናል፤ ነገር ግን በደጋ መንደር ላይ ማረፍ ስለማይችል ዝቅ ብሎ ይጥለው ነበር። ሐኪምን፥ ነርስንና ክትባትን ግን መጣል አይቻልም፤ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ወርልድ ቪዥን የተባለው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞቹንና መድኀኒቱን ለማመላለስ ትዊን ኦተር ያሠማራው ለዚህ ነበር። በዚያን ጊዜ ድርጅቱ ከነበሩት ጣቢያዎች አንዱ ከእኛ አጠገብ ያለው የአንጾኪያ ሸለቆ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ትዊን ኦተርን ለአገር ውስጥ በረራው ይዞ ሠርቶባታል፤ ዛሬ በእርሷ ፈንታ ለአገር ውስጥ የሚበሩት ከፍ ያሉት ዳሽ ኤይቶች ናቸው።

ሽማግሌውና አንበጣው

በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የመጣውን አንበጣ የዞናችን ሰው አይረሳውም። ማሽላው ፍሬ ይዞ፥ ጤፉ ሊታጨድ ሲል ሰማዩ ጠቆረ። በጨፋ ሜዳ ዳር የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ፦ «ልጄ፥ ጅራፍ አጮኽን፤ ቆርቆሮ ደበደብን፤ ጭስ አጨስን። ሴቱም ልጁም ከማሳ አልወጣም። ከአንዱ ማሳ ብናስነሣው በጎረቤት ማሳ ያርፋል። ጎረቤት ደግሞ ወደኛ ይመልሰዋል። ማታ ደክሞን ስንገባ እርሱ ዛፍ ላይ ተኝቶ ያድራል። እኔ የገረመኝ፥ ተኝቶ ሳለ የሚመታው ለምን እንደ ጠፋ ነው።»

«አባቴ፥ ልክ ብለዋል፤ ባለሙያዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው» አልኳቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የበረሃ አንበጣ 2 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በቀን የሚበላውም የራሱን ክብደት ያህል ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ካሬ ላይ የሰፈረ መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል፤ በአንድ ቀንም 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል። በ1958 እ.ኤ.አ. አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል እንዳጠፋ ተመዝግቧል፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለዓመት የሚመግብ ነበር። መንጋው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል። ሌሊቱን ግን በብርድ ደንዝዞ ዛፍና ሣር ላይ ያድራል፤ የሚነሣውም ፀሐይ ከወጣች ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ሰውነቱ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ መድኀኒት የሚረጨው አይሮፕላን የሚሠራበት ዋናው ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ግድም ነው።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። መንጋው የት እንዳደረ የሚታወቀው ማታ ነው፤ የሚረጨው በማግሥቱ ማለዳ ነው። አይሮፕላኑ ያደረው ሩቅ ቦታ ከሆነ ተነሥቶ ተራራውን ዞሮ እስኪደርስ ያችው የማለዳ ሰዓት ታልፋለች። መንጋው ባደረበት አገር አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ሜዳ፥ ጥቂት በርሜል ነዳጅና መድኀኒት ካለ ግን፥ ከአጭር ሜዳ የምትነሣ አይሮፕላን በአንድ ማለዳ ደጋግማ ተነሥታ ታርፋለች። አየሩም በዚያን ሰዓት ቀዝቃዛ ነውና ክንፏ በደንብ ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ በ1962 እ.ኤ.አ. በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ለረጅም ዘመን ቢቨርን የተጠቀመበት ምክንያት ይህ ነው። የሚረጨውም ብዙ አይደለም፤ ለአንድ ሄክታር ግማሽ ወይም አንድ ሊትር በጉም መልክ ይበቃል። በ2013 ዓ.ም. ግን መንጋው ብዙ፥ አይሮፕላኑ ጥቂት ነበር፤ ብዙ ገበሬም ባዶ አገዳ አጨደ።

ዋጋዋና አደጋዋ

መምህር ነኝና የነገሩን አንድ ጎን ብቻ ተናግሬ ማለፍ አይገባኝም። ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ከአዲስ አበባ በጣርማ በር አድርጎ ከሚሴ ሲገባ 400 ኩንታል ሊጭን ይችላል። ይህን በትዊን ኦተር ለማምጣት ከሃያ ጊዜ በላይ መመላለስ ያስፈልጋል። መንገድ ባለበት ቦታ እህልን በአይሮፕላን ማመላለስ ገንዘብን በነፋስ መበተን ነው። የአይሮፕላን ዋጋ የሚታየው መንገድ በሌለበት፥ ወይም መንገዱ በተቆረጠበት ቀን ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ከተማችን በደረሰ ጊዜ ያ አንድ አስፋልት ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል።

ሌላው አደጋው ነው። በነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥታ በጋምቤላ ወዳለው የፉኝዶ ስደተኞች ጣቢያ ትበር የነበረች አንዲት ትዊን ኦተር ጠፋች። በውስጧ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩት ሚኪ ሌላንድና ሌሎች 15 ሰዎች ነበሩ፤ ሌላንድ ስለ አፍሪካ ረኀብ ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው። ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ስባሪዋ ተራራ ላይ ተገኘ፤ አንድም ሰው አልተረፈም። አይሮፕላኒቱ የቱን ያህል ብትጠነክር ደመና የሸፈነውን ተራራ አትገፋውም። ጥሩ አይሮፕላን ያለ ሠለጠነ አብራሪ፥ ያለ አየር ጠባይ መረጃና ያለ ተቆጣጣሪ ደግ መሣሪያ ሊባል አይችልም።

ለልጁ የሚገባው መልስ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ተማሪዎች ይዤ፥ ባለ 50 ሜትር ገመድ ጠቅልለን ወደ ጨፋ ሜዳ ወረድን። ጠያቂው ልጅ የገመዱን ጫፍ ይዞ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። ቦርከናን ተጠግቶ ካለው የግጦሽ መሬት አንዱን ቀጥ ያለ ቦታ ብንለካው 640 ሜትር ሆነ። ስሌቱን እዚያው ሣር ላይ ተቀምጠን ሠራን። 366 ሜትር፥ ለሙቀቱ ሩብ ሲጨመርበት 457፤ ለሞተሩ፥ ለሣሩና ለመጠባበቂያ ሌላ 150 ብንል 600 ተሻገረ። «ይበቃል!» ብለው ጮኹ።

ከመካከላቸው ግን አንዲት ልጅ፥ «መምህር፥ በክረምትስ? ይህ ቦታ በክረምት ረግረግ ነው» አለች። ሌላው ደግሞ፥ «በበጋም ባዶ አይደለም፤ የኛም የአፋሮችም ከብት የሚተርፈው በዚህ ሣር ነው» አለ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። አይሮፕላን ለማሳረፍ ክንፍና ሞተር ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ሜዳው የማን እንደ ሆነ፥ ከብቱን ማን እንደሚከለክል፥ ጉድጓዱን ማን እንደሚደፍን አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ይህንም የሚፈቅደው በገመድ የለካ መምህር አይደለም፤ የሲቪል አቪዬሽን ባለሙያ ነው።

ስንመለስ ልጁን፥ «ጥያቄህን አሁን ልመልስልህ። ከሚሴ አጠገብ አይሮፕላን ማረፍ ይችላል፤ በበጋ፥ በማለዳ፥ ተገቢዋ አይሮፕላን ከሆነች፥ ሰዉም ከተስማማ» አልኩት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «እንግዲያስ መምህር፥ ከእኛ ቀበሌ በላይ ያለውን አምባ ደግሞ ለእረፍት ስሄድ እለካዋለሁ፤ ገመዱን ያውሱኛል?» አለኝ።

አዋስኩት። ርዝመቱን ብቻ ሳይሆን ተዳፋቱንና የነፋሱን አቅጣጫም ጽፎ እንዲያመጣ አዝዤዋለሁ።